ለእማዬ፦ ፓሪስ ብራሰሪ ከመግባታችሁ በፊት

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ?

ከአክስቴ ጋር ፓሪስ ስታርፉ መስታወትና ቀይ ወንበር የሞላበት፣ ብራሰሪ የሚባል ምግብ ቤት ሳትገቡ እንደማትመለሱ ሰምቻለሁ። ግቡ፣ ቤቶቹ በእውነት ያምራሉ። ብቻ ገንዘቡ ከምግቡ ይልቅ ለመስታወቱና ለጎዳናው እንደሚወጣ ከወዲሁ እወቁት። ድንች ጥብስ የተጨመረበት አንድ ስቴክ 30 ዩሮ ቢባል አትደንግጡ።

ዋጋው ውጭ በር ላይ መለጠፍ አለበት፣ ሕግ ነው። ስለዚህ ቆማችሁ አንብቡ። ከምግቡ ስም አጠገብ ክዳኗ የቤት ጣሪያ የመሰለ ትንሽ ድስት ከታየች እዚያው ቤት የተሠራ ማለት ነው፤ በፈረንጆች ከ2014 ጀምሮ የመጣ ምልክት ነው። በዝርዝሩ ሁሉ አንድም ድስት ከሌለ ከፋብሪካ በረዶ ሆኖ የመጣ ምግብ ሊሆን ይችላል። በአዘቦት ቀን ምሳ ላይ ጥቁር ሰሌዳ የሚጻፈው «ፎርሙል» (ሁለት ምግብ በአንድ ዋጋ) ከማታው በብዙ ይረክሳል። ሌላው ምግብ ቤት በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 8 ተኩል እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ምድጃውን ሲያጠፋ ብራሰሪ ቀኑን ሙሉ ያበስላል፤ አውሮፕላኑ ቢዘገይባችሁ እንኳ ጾማችሁን አታድሩም።

ስትገቡ መጀመሪያ «ቦንዡር»። ያለዚያ የአስተናጋጁ ፊት ሲጠቁር ታያላችሁ። ውስጥ ተቀመጡ፤ ከቤት ውጭ ባለው በረንዳ ሲጋራ ስለሚፈቀድ ለአስምሽ አይሆንም። እኛ ሜኑ የምንለውን እነሱ «ላ ካርት» ይሉታል። «ሜኑ» ካልሽ የተቆረጠ ዋጋ ያለውን ሙሉ ምሳ አዘዝሽ ማለት ነው። «አንትሬ» የሚለውም ዋናው ምግብ ሳይሆን መክፈቻው ነው፤ ዋናው «ፕላ» ይባላል።

ውሃ ብቻ ብትሉ የታሸገውን ያመጡና 7 ወይም 8 ዩሮ ያስከፍላሉ። «ኢን ካራፍ ዶ» በሉ፤ የቧንቧ ውሃ በማሰሮ ይመጣል፣ ነፃ ነው። ዳቦውም እንዲሁ፣ ሲያልቅ ቢጨመርም አይቆጠርም።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀትሽ፣ ወደ አሳማው። ብራሰሪ ማለት ቢራ መጥመቂያ ነው። እነዚህ ቤቶች ፓሪስ ውስጥ በብዛት የተስፋፉት በ1870ው ጦርነት ጀርመን አልዛስ የሚባለውን የፈረንሳይ ግዛት ስትወስድ ሸሽተው በመጡ ሰዎች ነው፤ ቢራቸውን ብቻ ሳይሆን አሳማቸውንም ይዘው መጡ። «ሹክሩት» የኮመጠጠ ጎመን ከአሳማ ጋር ነው። «አንዱዬት» የአንጀት ቋሊማ፣ «ቡዳን ኗር» የደም ቋሊማ። እነዚህስ ይታወቃሉ፤ የሚያሳስቱት የተደበቁት ናቸው። ሰላጣ ላይ ወይም ኪሽ (በእንቁላል የሚጋገር ሊጥ) ውስጥ «ላርዶን» ካለ የአሳማ ስብ ቁራጭ ነው። የበሬ ሥጋ ተብሎ የሚታዘዘው «ቡፍ ቡርጊኞን» ራሱ ላርዶን አለበት። «ሳን ፖር፣ ሲል ቩ ፕሌ» ማለት ያለ አሳማ እባክዎ ነው፤ ጽፈሽ ያዢው። አርብ ከሆነ ግን አትድከሙ፤ አትክልቱ በቅቤ ነው፣ ድንቹንም በበሬ ሞራ የሚጠብሱ ቤቶች አሉ።

ብትሰሚኝ የሽንኩርት ሾርባውን እዘዢ፣ በፍስክ ቀን። የቁሌት ነገር ስለሆነ ፍርዱ ለአንቺ አይከብድም። በስሱ የተከተፈ ሽንኩርት በቅቤ፣ በለሰለሰ እሳት ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል እየተማሰለ ቡናማ ይሆናል። ከዚያ የሥጋ መረቅ ይገባበታል፣ የተጠበሰ ዳቦ ይንሳፈፍበታል፣ አይብ ይደፋበትና ከላይ በሚያቃጥል እሳት ሥር ይገባል። የቸኮለ ወጥ ቤት እሳቱን ያበዛዋል፤ ያኔ ሽንኩርቱ ጠርዙ ያርርና መሀሉ ጥሬ ይቀራል፣ ይመራል። ምሬቱን ለመሸፈን ስኳር የሚነሰንስም አለ። መረቁ ገርጥቶ ስኳር ስኳር ካለ፣ ሽንኩርቱም በጥርስ መሀል ከተንኮሻኮሸ ተጭበርብራችኋል። ሳህኑ ከእሳት የወጣ ስለሆነ በእጅሽ እንዳትነኪው፤ የሚሳበውን አይብ በማንኪያው ጠርዝ ከሳህኑ አፍ ላይ ቁረጪው።

«ስቴክ ታርታር» ክትፎ ይመስላል፣ ነገር ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ቅቤም ሚጥሚጣም የለበትም፣ ጥሬ የእንቁላል አስኳልና ሰናፍጭ ነው ያለው። አክስቴ ካላማራት በቀር ይቅር። ካማራት «አሌ ረቱር» ትበል፤ ሁለቱን ገጽ ለብ ያደርጉላታል። ስቴክ ሲታዘዝ «አ ፑዋን» መካከለኛ ይባል እንጂ ደም አለው፤ የበሰለው «ቢያን ኪዊ» ነው። ይሁንና «ባቬት» የሚባለው ሥጋ ጅማተ ረጅም ስለሆነ ሲበስል ጫማ ይሆናል። ለአንቺ «ፖ ቶ ፉ» ይሻላል፦ የበሬ ሥጋ ከካሮትና ከባሮ ጋር ለሰዓታት የተቀቀለ፣ ጥርስ አያስቸግርም። ትልልቅ ሥጋና ዓሣ ላይ «100 ግራም» ወይም «ፓር ፐርሶን» (ለአንድ ሰው) የሚል ጽሑፍ ካለ ዋጋው የሙሉው አይደለም፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚነደፈው።

ሂሳቡን ሳትጠይቁ አያመጡም፤ ንቀት አይደለም፣ የሚያባርሯችሁ እንዳይመስላችሁ ብለው ነው። «ላዲሲዮን» በሉ። የአገልግሎቱ 15 በመቶ ዋጋው ውስጥ አለ፤ «ሰርቪስ አልተጨመረም» የሚላችሁ ካለ ዝርዝሩ ላይ «ሰርቪስ ኮምፕሪ» (አገልግሎት ተጨምሯል) የሚለውን አሳዩት። ማሽኑ ጉርሻ ቢጠይቅ ዜሮውን ንኩ፤ ደስ ካላችሁ 2 ዩሮ ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ ተዉ። ማሽኑ በዩሮ ወይስ በሌላ ገንዘብ ቢል፣ ዩሮ። ሌላውን ከመረጣችሁ ምንዛሪውን በራሳቸው ቆርጠው ይወስዳሉ።

በማግስቱ ቡዮን ሻርቲዬ ሂዱ፤ ከ1896 ጀምሮ ያለ ቤት ነው፣ አዳራሹ ያምራል፣ ዋጋውም የዚያን ግማሽ ቢሆን ነው። ቦታ አያስይዙም፤ ጉልበትሽ ሰልፍ ስለማይችል ሲከፈት፣ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሩ ላይ ሁኑ። አስተናጋጁ ሂሳቡን የሚደምረው በጠረጴዛው የወረቀት ምንጣፍ ላይ ነው፤ አንቺም አብረሽ ደምሪ።

ልጅሽ