ጉማሬዎቹ አሉ፣ አባባ

ይድረስ ለአባባ፤

ጉማሬዎቹ አሉ። ከሰላምታ በፊት ይህን የጻፍኩት ባለፈው በስልክ ጠይቀውኝ መልሱን ስላልሰሙት ነው። እኔ ሦስት ጊዜ «አሉ!» ብዬ ጮህኩ። እርስዎ ደግሞ «እነማን ናቸው ያሉት? ምን አሉ?» አሉኝ። እንግዲህ ጆሮዎና ስልኩ እስኪታረቁ በወረቀት እናውራ። የልጅ ልጅዎ ታንብብልዎ። ከተጣደፈች ቆጣ ይበሉባት።

ጉልበትዎ እንዴት ነው? የአዲስ አበባ ብርድ እንደማይስማማው አውቃለሁ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ኅዳር ገብቶም አልተወንም፤ ጅማ አይደል። ቡናው ደርሷል። ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ ሰው የሚያወራው ስለ ዋጋ ብቻ ነው።

እዚህ ጅማ ዳር ወዳለው ረግረግ፣ ወደ ቦዬ የሄድኩት እሑድ ከቀትር በኋላ ነው። ባጃጁ አስፋልቱ ዳር አወረደኝ። አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ ያየሁት ውሃ ብቻ ነው። ተስፋ ቆርጬ ልመለስ ስል ከብት የሚጠብቅ ልጅ «እዚያ፣ ከቄጠማው ጎን» አለኝ። ሁለት ጆሮ። ቀጥሎ አፍንጫ። ፉፍ ብሎ ውሃ ተፋና ተመልሶ ገባ። ስንት እንደሆኑ መቁጠር አልቻልኩም። ልጁ አምስት ናቸው ይላል፣ ጓደኛው ሰባት። ያንን ራሱ ላይ የወርቅ ዘውድ የደፋ ወፍም አይቼዋለሁ። ጥንድ ሆነው ከከብቶቹ መሀል እየተንጎራደዱ ይለቅማሉ።

ደስ የሚለው ወሬ ይኸው ነው። ሌላው ብዙም ደስ አይልም።

እርስዎ የሚያውቁት ቦዬ አይደለም። በአንድ በኩል ለጡብ የሚሆን አፈር እየተቆፈረ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል። በሌላ በኩል ባሕር ዛፍ ተተክሎ ረግረጉን እየመጠጠው ነው። የአዌቱ ወንዝ ከከተማው ጠራርጎ የሚያመጣውን ፌስታልና ሃይላንድ ደግሞ ቄጠማው እንደ ወንፊት ይዞ ያስቀረዋል። ለበዓል ቄጠማ የሚያጭዱት ሴቶች እጃቸውን በጠርሙስ ስባሪ እንደሚቆረጡ አንዷ መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ።

የባሰ ያስደነገጠኝ ግን የእርስዎ ወንዝ ነው። ማጥመድ ያስተማሩኝ ቦታ፣ ድንጋዩ እንደ በርጩማ የሆነው። ገና ሳልደርስ ሽታው ተቀበለኝ። የቡና ሽታ እንዳይመስልዎ፤ የሰነበተ የጠላ ጥንስስ ዓይነት፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ። ውሃው ቀይ ሻይ መስሏል፣ ላዩ አረፋ ነው። ዳር ላይ መዳፌን የምታክል ዓሣ አፏን ከውሃው በላይ አውጥታ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ጎንበስ ብዬ በእጄ አነሳኋት። አልሸሸችኝም። እርስዎ ግማሽ ቀን ሙሉ ጥላችንን እንኳ እንዳናሳያቸው ያስጠነቀቁን ዓሦች፣ አባባ!

ከላይ በኩል የእሸት ቡና መፈልፈያ አለ። ቀዩ ቡና ይላጣል፣ ዝልግልጉ እስኪለቅ ይብላላል፣ ከዚያ ይታጠባል። እጣቢው ቀጥታ ወንዝ ይገባል። ዋናው ጉዳቱ መርዝ አይደለም፤ ስኳር ነው የበዛበት። ስኳሩ ላይ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይረባረባሉ፣ እነሱ ሲበሉና ሲባዙ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣዋ ታፍና ነበር ማለት ነው። ይህንን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ሥዕል ስዬ አስተምራለሁ። በእጄ ይዤው ግን አላውቅም ነበር።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝ። ያስታውሱት ይሆን? የገና ዕለት ነው፣ እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። እርስዎ ስለ ባለሁለት አፉ ጠመንጃና በቡናው ጫካ ስለተከታተሉት ድኩላ እያወጉ፣ ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ የትምህርት ቤቱ የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ አባል ነበርኩ፤ ሁሉን ያወቅኩ መስሎኝ። «አውሬውን የፈጃችሁት እናንተ አዳኞች ናችሁ» አልኩ። እንግዳ ፊት። እማዬ ከንፈሯን ነከሰች። እርስዎ ስኒውን አስቀምጠው ወደ ጓሮ ወጡ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሱብኝም። እኔም ይቅርታ ሳልጠይቅ ይኸው ፀጉሬ ሸበተ።

የሚገርመው የማላውቀው ነገር አልነበረም። ክረምት ላይ ሆዷ የተነፋ ዓሣ ስትያዝ መንጠቆውን ቀስ ብለው አላቅቀው ሲመልሷት አይቻለሁ። «ይቺ ብቻዋን አይደለችም» ይሉኝ ነበር። ግልገል ያስከተለች ድኩላ ሲያዩ አፈሙዙን ወደ መሬት እንደሚያደርጉም ያደጉበት ሰፈር ሰው ሁሉ ያወራዋል። አምባዛም ሲይዙ ቅርፊት የለውም ብለው እያማረሩ ይለቁት ነበር። ያኛው እንኳ ለሃይማኖት ነው፤ አምባዛው ግን ልዩነቱን የሚያውቅ አይመስለኝም።

ይህንን ሁሉ ያስነሳብኝ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ያለው ልጅዎ ነው። ባለፈው ወር ደውሎ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ገዛሁ አለኝ። እሱ! ትል ሲያይ የሚጮኸው! የሥራ ባልደረባው ይዞት ሄዶ ነው። ሳቄን ስጨርስ ግን የነገረኝ ነገር ቀልቤን ሳበው። የፈቃዱ ገንዘብ ዓሣና አውሬ ወደሚጠብቀው የግዛቱ መሥሪያ ቤት ይገባል። በፈረንጆቹ 1937 ደግሞ ሕግ ወጥቶ በማደኛ ጠመንጃና በጥይት ላይ የሚጣለው የ11 በመቶ ታክስ ለዱር አራዊትና ለመኖሪያቸው እንዲውል ተደርጓል። በ1950 መንጠቆውና ዘንጉም ተጨመረ። ዳክዬ የሚያድን ሰው ከ1934 ጀምሮ በየዓመቱ አንድ ቴምብር የመግዛት ግዴታ አለበት። ያኔ 1 ዶላር ነበር፣ አሁን 25 ነው። ከእያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲሙ ረግረግ መሬት ለመግዣና ለመጠበቂያ ይውላል። ዳክዬ ይበላል ወይ እንዳይሉኝ፤ እነሱ ይበላሉ። እኔ የገረመኝ ረግረጉ ነው። እንደ ቦዬ ያለውን ቦታ ተኳሹ ራሱ ከፍሎ ያቆየዋል።

ከዚያም በፊት፣ በ1922፣ ቺካጎ ውስጥ ወንዞቹ የቆሸሹባቸው ዓሣ አጥማጆች ማኅበር አቋቁመው ለንጹሕ ውሃ ሲሟገቱ ነበር። የቢሮ ሰው ሪፖርት ሳይጽፍ በፊት እነሱ አይተውታላ፤ ባዶ ቅርጫት ይዞ የሚመለስ ማን ሆነና።

መላእክት ናቸው እያልኩ አይደለም። ሲበር ሰማይ ያጨልም የነበረውን የርግብ ዘር ተኩሰው የጨረሱት እዚያው አገር አዳኞች ናቸው። የመጨረሻዋ በ1914 ሲንሲናቲ ውስጥ በእንስሳት ማቆያ ሞተች። እኛም ጋ ዝሆን ገዳይ ተብሎ ይፎከር የለ? ስለዚህ የዚያን ቀን ንግግሬ ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም። ስህተቴ ለእርስዎ መናገሬ ነው። እርስዎ ከሚመልሱት ወገን ነበሩ።

በነገራችን ላይ ባሌ ውስጥ ዛሬም በቁጥጥር ይታደናል። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ሌላ የትም ስለሌለ ፈረንጁ ለአንዱ ብዙ ሺህ ዶላር ከፍሎ ይመጣል። የሚፈቀድለት ወንዱ ብቻ ነው፣ ያውም ያረጀው። ሽማግሌውን መርጠው መሆኑ እርስዎን እንዳያስከፋ።

ወደ ወንዛችን ልመለስ። እዚህ መንጠቆ ተቀርጦ ረግረግ አይገዛም። እኔም ወንዝ ላይ ያገኘኋቸውን ሰዎች ይዤ ጀመርኩ። የሚያጠምዱ ጎረምሶች አሉ፣ ለመንጠቆው ክብደት የሞተር ብሎን የሚያስሩ። ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። ቄጠማ አጫጆቹም መጡ። አንድ ላይ ሆነን ወደ መፈልፈያው ሄድን። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። ቡና አጠጣን። «ይሄ ቡና ነው አገሩን የሚያኖረው» አለ። ልክ ነው፤ የአክስቴም ልጆች የሚማሩት በቡና ለቀማ ነው። እኛም የጠየቅነው ማሽኑ ይቁም ብለን አልነበረም። እጣቢው የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ይቆፈር፣ ከበታቹ እጣቢውን የሚያጣራ ቬቲቨር የሚባል ሣር ይተከል፣ ልጣጩ ወንዝ ከሚጣል ይብላላና ለማሳ ማዳበሪያ ይሁን አልን። አንድ ጉድጓድ አስቆፍሯል። ሁለተኛውን ለጥር ቀጥሮናል። በጥር የሚታጠብ ቡና እንደማይኖር እኛም አልጠፋንም፤ ዝም አልነው።

ጎረምሶቹን በተመለከተ ጠብ ሊነሳ ነበር። አንዳንዶቹ በአጎበር ያጠምዳሉ። አዎ፣ ለወባ በታደለው አጎበር። ጥፍር የምታክለው ዓሣ ሳትቀር ተጠራርጋ ትወጣለች። አንደኛው ሽማግሌ ብድግ ብለው «ዘር የሚበላ ገበሬ አይታችኋል?» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ አጎበር አላየሁም። ማታ ማታ ይዘውት ይወጡ እንደሆነ አላውቅም።

ያ ውሃ ወርዶ ግልገል ጊቤ ይገባል። በእኛ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ወደጀመረው ግድብ፣ ከዚያ ኦሞ፣ ከዚያ ቱርካና ሐይቅ። አንዱ ጎረምሳ ይህን ስነግረው «ኬንያ ድረስ?» ብሎ አረፋውን ሲያይ ቆየ።

አሁን ጉዳዬን ልናገር። ረግረጉ ድንበር እንዲሰጠው ማመልከቻ ልንጽፍ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ድሮ እስከ የት ይደርስ እንደነበር አልተስማሙም። አንዱ ኦቦ ወደ እኔ ዞረው «እሱን የሚያውቀው አባትሽ ነው» አሉኝ። እውነት ነው። ክረምት ላይ ጫማዎን የሚያወልቁት የት ጋ ነበር? ዓሦቹ እንቁላል ሊጥሉ የሚወጡበት ያ ጅረት ከየትኛው ወገን ነው የሚገባው? በጋ የማይደርቀው ምንጭስ? የትኛው ዛፍ አጠገብ? ዛፉ ባይኖርም ይንገሩኝ። የልጅ ልጅዎ ድምፅዎን ቀድታ በቴሌግራም ትላክልኝ፣ ቢረዝምም ግድ የለም።

የገናውን ነገር ይቅር ይበሉኝ።

ሸምበቆዎን ከጆንያው ጀርባ አገኘሁት። ክሩ እርስዎ እንደጠቀለሉት ነው። ጫፉ ግን ተሰንጥቋል። በጅማት ነበር ወይስ በሲባጎ የሚያስሩት? እሑድ ይዤው መሄድ እፈልጋለሁ።

ልጅዎ፣ ከጅማ