ሳይገፉት እንዴት ይሄዳል?

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እግርሽን ተሻለሽ ወይ? እኛ ደህና ነን።

ልጄን ፊዚክስ ስታስጠኚ የተከራከራችሁበትን ነገር ነገረችኝ። መጽሐፉ «የሚንቀሳቀስ ነገር የሚያቆመው ኃይል ካላገኘው መሄዱን ይቀጥላል» ይላል። አንቺ ደግሞ «በዚህ ዕድሜዬ ሳይገፉት የሚሄድ ነገር አላየሁም» ብለሽ እርፍ! አይዞሽ፣ አርስቶትልም እንዳንቺው ነበር የሚያስበው። ዓለምም ወደ 2000 ዓመት ገደማ አምኖለታል። ነገሩን የገለበጠው ጋሊሊዮ ነው። ኒውተን ደግሞ በ1687 እ.ኤ.አ. ከሦስቱ የእንቅስቃሴ ሕጎቹ የመጀመሪያው አድርጎ ጻፈው።

ጉዱ ያለው ሰበቃው ላይ ነው፤ ነገሮች ሲተሻሹ እንቅስቃሴን የሚይዘው ኃይል ማለት ነው። መሬት ላይ የምትንከባለል ኳስ የምትቆመው ውስጧ ያለው ግፊት አልቆባት አይደለም። ግፊቱማ እግር እንደለቀቃት አብቅቷል። ያቆማት መሬቱና አየሩ ነው። ሣር ላይ ቶሎ ትቆማለች፤ ሊሾ ወለል ላይ ግን ርቃ ትሄዳለች። ወለሉ በለሰለሰ ቁጥር መንገዷ ይረዝማል። ሰበቃ ጭራሽ ባይኖርስ? ጠፈር ላይ የሚይዝ አየር የለም ማለት ይቻላል፤ ቮዬጀር 1 የተባለችው መንኮራኩር በ1977 እ.ኤ.አ. ተወንጭፋ ዛሬም እዚያ በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ትከንፋለች። ወደፊት የሚገፋት ሞተር የለም። እንዲያውም የፀሐይ ስበት በጥቂቱ ወደ ኋላ ይጎትታታል።

አውቶቡስ ድንገት ፍሬን ሲይዝም ወደፊት የሚወረውርሽ ነገር የለም። እሱ ቆመ፣ አንቺ በነበርሽበት ፍጥነት ቀጠልሽ፣ በቃ። እግርሽን ወለሉ ይይዘዋል፤ ከወገብሽ በላይ ያለውን ግን ማን ይያዘው? «ብረቱን ያዢ» እያልኩ የምጨቀጭቅሽ ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ 4 እጥፍ ነው። የሚያበር ሾፌር ሲገጥምሽ ውረጂ።

ሁለተኛው ሕግ ስሌት ነው፣ እሱን ለእሷ ተዪላት። 2 ኪሎ የሚመዝን ነገር በ10 ኒውተን (በስሙ የተሰየመ የኃይል መለኪያ ነው) ቢገፋና ሰበቃ ባይኖር፣ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በሰከንድ 5 ሜትር ይጨምራል። አለቀ።

ሦስተኛው፣ «የገፋሽው ነገር እኩል መልሶ ይገፋሻል» የሚለው ላይ ግን ታፋጥጥሻለች። «ግድግዳውን ስገፋው እሱም እኩል ከገፋኝ፣ ሁለቱ ተጣፍተው ምንም ነገር ባልተንቀሳቀሰ ነበር» ትልሻለች። ጥያቄዋ ግሩም ነው። መልሱ፦ ሁለቱ ግፊቶች ያረፉት በአንድ ነገር ላይ አይደለም። አንዱ ግድግዳው ላይ፣ ሌላው እሷ ላይ ነው፤ ስለዚህ አይጣፉም። አረማመድሽን አሳያት። እግርሽ ወለሉን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ወለሉ አንቺን ወደፊት። ይህ እንዲሆን ግን እግርሽ መሬቱን መቆንጠጥ አለበት። ያ ኳሷን ያቆመው ሰበቃ እዚህ ጋ ደግሞ የሚያስኬድሽ እሱ ነው። ወለሉ ሲረጥብ ይቀንስና እግርሽ ያዳልጥሻል።

እግረ መንገዴን፣ የምርኩዝሽን ጫፍ ገልብጠሽ እዪው። ጎማው አልቆ ከለሰለሰ ወለል አይዝልሽም። አዲስ እልክልሻለሁ፤ ብቻ ልጄ የእንጨቱን ውፍረት ለክታ ትንገረኝ።

ልጅሽ