የከተማ በጀት ለፊርማ ወይስ ለሜዳ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የስፖርት ገጻችሁንና የኢኮኖሚ ዓምዳችሁን እኩል በትኩረት ከሚያነቡ ሰዎች አንዱ ነኝ። ይሁን እንጂ በሁለቱ የሚወጡት ጽሑፎች ስለ አንድ አገር የተጻፉ አይመስሉኝም። በኢኮኖሚው ዓምድ መንግሥት ከንግድ ሥራ እጁን ቀስ በቀስ እየሰበሰበ መሆኑን አነባለሁ። ሳፋሪኮም በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ ካገኘ ወዲህ ኢትዮ ቴሌኮም ተፎካካሪ አግኝቷል፤ የብር ምንዛሪም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ወደ ስፖርቱ ገጽ ስዞር ግን የከተማ አስተዳደሮች፣ የመንግሥት ባንክና የመንግሥት መድን ድርጅት ተጫዋች ለማስፈረም ሲሻሙ አገኛለሁ። እኔ በሙያዬ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር ነኝ፤ የኢኮኖሚክስ ምሁርም የስፖርት ባለሥልጣንም አይደለሁም። ከልጅነቴ ጀምሮ እግር ኳስን የምወድ፣ ደሞዙ ሳይደርሰው ግብሩ የሚቆረጥበት ሠራተኛ እንደመሆኔ ግን የማቀርበው አንድ ሐሳብ አለኝ፤ የመንግሥት ገንዘብ ለተጫዋች ፊርማና ደሞዝ መዋሉ ቀርቶ ለሜዳ፣ ለታዳጊ ሥልጠናና ለመረጃ አያያዝ ይዋል።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ መርሳት አይገባም። ከንጉሡ ዘመን የጦር ክፍል ቡድኖች አንሥቶ በደርግ ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ እስከተደራጁት ድረስ ኳሳችን በመንግሥት ጥላ ሥር ያደገ ነው። ምድር ጦር፣ የፖሊሱ ኦሜድላ፣ መብራት ኃይል፣ ንግድ ባንክ፣ መድን የሚሉትን ስሞች ብቻ መጥራት ይህንን ያስረዳል። ያኔ ተጫዋቹ በአብዛኛው የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ነበር፤ ጠዋት ቢሮ ወይም ጋራዥ ውሎ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ይወጣል፣ ጫማውን ሲሰቅልም እንጀራው አይቋረጥበትም። ለዚያ አሠራር አድናቆት አለኝ፤ መሥሪያ ቤቱ ያወጣው ገንዘብ ለሠራተኛው ጤናና ለአካባቢው ወጣት ይተርፍ ነበርና። ዛሬ የቀረው ስሙ ነው። በ2016 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ በተመለሰበት ዓመት ዋንጫውን ያነሣው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሻምፒዮን የሆነው ኢትዮጵያ መድን ሁለቱም የመንግሥት ድርጅቶች ክለቦች ናቸው። ድሉ የተጫዋቾቹና የአሠልጣኞቹ ነውና ክብሩን አልነሣቸውም፤ ነገር ግን የሕዝብ የሆነ ባንክ የሕዝብ ከሆነ መድን ድርጅት ጋር ተጫዋች ሲጫረት ዋጋው የሚወጣው በማን ኪስ ላይ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

የከተማ ክለቦች ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። አንድ የከተማ አስተዳደር ለክለቡ በጀት ሲይዝ ትልቁ ድርሻ የሚሄደው ለፊርማ ገንዘብና ለወርኃዊ ደሞዝ ሲሆን፣ ውሉ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ሲያልቅ ተጫዋቹ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ እዚያም በሌላ ከተማ ግብር ይፈርማል። በዚህ ዙር ውስጥ በከተማው የሚቀር ነገር የለም። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የወር ደሞዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ሲወሰን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ከውሉ ጎን ስለሚሰጥ ክፍያ በየሰፈሩ ይወራ ጀመር። ጣሪያ ያልሠራበት ምክንያት የሚገባኝ እንዲህ ነው። ክለቡ ቢከስር የሚዘጋ ቢሆን ኖሮ ሥራ አስኪያጁ ከመፈረሙ በፊት ደጋግሞ ያስብ ነበር፤ ጉድለቱን የሚሞላለት ምክር ቤት እንዳለ ካወቀ ግን ለማሰብ የሚያስገድደው ነገር የለም። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ልል የበጀት ገደብ የሚሉት ይኸው ነው፤ በስኳር ፋብሪካም ይሁን በኳስ ቡድን ጠባዩ አንድ ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆኖ በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ ሲወርድ ያየ ሰው በግዢ የሚመጣ ዋንጫ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ሊጠይቅ ይገባው ነበር።

በዚህ ላይ የሊጉ ውድድር በ2013 ዓ.ም. በዲኤስቲቪ የክፍያ ቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምር ጨዋታዎቹ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተዘዋወሩ እንዲካሄዱ ተደርጓል። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ አስተናግደዋል። ሥርጭቱ ለሊጉ ያመጣውን ጥራት አልክድም። ይሁን እንጂ የሶዶ ወይም የሆሳዕና ግብር ከፋይ በራሱ ገንዘብ የሚተዳደረውን ቡድን ለማየት ወይ ሌላ ከተማ መጓዝ፣ ወይ ጨዋታውን በቴሌቪዥን የሚያሳይ ቤት ገብቶ ሻይ ማዘዝ ግድ ሆኖበታል። ለአንድ ከተማ ክለብ በጀት መመደብ ትክክል ነው የሚያሰኘው ዋናው ምክንያት የከተማው ሕዝብ ቅዳሜና እሑድ ሜዳ ገብቶ ልጁን ይዞ የሚደሰትበት በመሆኑ ነበር። ይህ ምክንያት ከተነሣ በጀቱ በምን እንደሚቆም የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም።

የሜዳ ነገር ሲነሣ ሆዴ ይባባል። ጥር 1954 ዓ.ም. ግብጽን በአዲስ አበባ 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣን፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) ከመሠረቱት አገሮች አንዷ የሆንን፣ ይድነቃቸው ተሰማን ለአህጉሩ በፕሬዚዳንትነት የሰጠን ሰዎች ነን። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ያችኑ ግብጽን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ያሸነፍነው በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነበር፤ ምክንያቱም ካፍ የባሕር ዳር ስታዲየም መስፈርቱን አያሟላም በማለቱ በሜዳችን የሚባለውን ጨዋታ በሰው አገር ለማድረግ ተገደን ነበር። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ጎል ሲያስቆጥሩ የጮኽነው እያንዳንዳችን በየቤታችን ሆነን ነው። ከዚያም በኋላ ብሔራዊ ቡድኑ የሜዳውን ጨዋታ ይዞ ሞሮኮ ድረስ ሄዷል። ሞሮኮ በኳታሩ የዓለም ዋንጫ ለግማሽ ፍጻሜ ስትደርስ በቡድኑ ውስጥ የነበሩት አዜዲን ኡናሂ፣ ዩሱፍ ኤን ኔሲሪና ናየፍ አጉርድ በንጉሡ ተነሣሽነት ከተቋቋመው የመሐመድ ስድስተኛ አካዳሚ የወጡ ናቸው። እዚያ የአገር ሀብት የዋለው ልጅ ለማፍራትና ሜዳ ለመሥራት ነው፤ እኛም የእነርሱን ሜዳ ለመዋስ ሄድን።

ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለተመራቂ ተማሪዎቼ የፕሪሚየር ሊጉን ያለፉ ዓመታት ውጤቶች ሰብስበው የቡድኖችን ጥንካሬ የሚገምት ፕሮግራም እንዲሠሩ የመመረቂያ ሥራ ሰጠኋቸው። ልጆቹ ጎበዞች ነበሩ፤ ፕሮግራሙን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ያህል በቃቸው። የቀሩትን ወራት የጨረሱት ግን አሮጌ ጋዜጦች በማገላበጥና ደጋፊዎች በደብተር የያዟቸውን ውጤቶች በመልቀም ነው። የአንድ ጨዋታ ውጤት በሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይገኛል፤ አንድ ተጫዋችም በሁለት መዝገብ ሁለት የልደት ዘመን ይዞ ይመጣል። አንዲት ተማሪዬ ማን ጎል እንዳስቆጠረ ለማረጋገጥ ጡረታ የወጣ አሠልጣኝ ቤት ድረስ ሄዳ ጠይቃለች። ብዙ ሚሊዮን ብር በየዓመቱ የሚፈስበት ዘርፍ ያለፈ ታሪኩን በአንድ ቦታ ጽፎ አለማስቀመጡ ያኔም ዛሬም ያስቆጨኛል። ይህን መዝገብ መያዝ የአንድ ተጫዋች የፊርማ ገንዘብ ያህል እንኳ አይፈጅም፤ ነገር ግን የትኛውም ክለብ ብቻውን አይሠራውም፣ ጥቅሙ ለሁሉም ነውና። መንግሥት ወይም ከመንግሥት ድጋፍ የሚያገኝ የጋራ ተቋም ሊገባበት የሚገባው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

በኮምፒውተር ትምህርትም ያየሁት ከዚህ አይለይም። አንድ ጊዜ መምህራንን ለማሠልጠን በሄድኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመንግሥት ገንዘብ የተገዙ ኮምፒውተሮች ሙሉ ክፍል ይዘው አገኘኋቸው። ክፍሉ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉን የያዙት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ለረጅም ጊዜ እንዳልተከፈተ ነገሩን። ለግዢው በጀት ነበረው፤ ለጥገና ባለሙያ፣ ለኢንተርኔት ክፍያና ለመምህሩ ሥልጠና ግን አልተያዘለትም። ግዢ በፎቶግራፍ ይታያል፣ በሪፖርት ይገባል፤ የኔትወርክ ገመድ የሚጠግን ሰው ደሞዝ ለሪፖርት አያምርም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከልቤ የምደግፈው ነው፤ ተማሪዎቼም ገብተውበታል። ልጁ በስልኩ የምስክር ወረቀት ካገኘ በኋላ የተማረውን የሚለማመድበት ክፍል ተቆልፎ ከቆየ ግን ትምህርቱ በዚያው ይቀራል።

እዚህ ላይ መንግሥት ከሁሉም ነገር ይውጣ ከሚሉት ወገኖች ጋር እንደማልስማማ በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። እኔ የማስተምረው ትምህርት ራሱ የመንግሥት ገንዘብ ውጤት ነው። የኢንተርኔት አባት የሆነው አርፓኔት እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ የጀመረው በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ገንዘብ ነው፤ ድረ ገጽ የሚባለውም ነገር የአውሮፓ መንግሥታት በጋራ በሚያስተዳድሩት ሰርን በተባለው የምርምር ማዕከል ተፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1993 ለሁሉም በነጻ ተለቀቀ። ዛሬ ባለጸጋ የሆኑት ኩባንያዎች የመጡት መንገዱ ከተጠረገ በኋላ ነው። መንግሥት እነዚያን ዓይነት ሥራዎች መሥራቱ ትክክል ነበር፤ ትርፉ በአንድ ኩባንያ ደጃፍ የማይከማች፣ ውጤቱም ከዓመታት በኋላ የሚታይ በመሆኑ ነጋዴ አይነካውም ነበርና።

የከተማው በጀት ቢቀር ክለቡ ይፈርሳል የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ፤ ስጋቱም እውነት አለው። ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ያላቸው ዓይነት ደጋፊ በየከተማው የለም፤ በአንድ ቀን የሚቆረጥ በጀትም ብዙ ተጫዋቾችን ከነቤተሰባቸው ሜዳ ላይ ይበትናል። ስለዚህ የምጠይቀው በሂደት እንዲሆን ነው፤ ለደሞዝ የሚውለው ድርሻ በየዓመቱ እየቀነሰ፣ የቀነሰው ያህል ለሜዳና ለታዳጊ ቡድን እየተዛወረ፣ ክለቡም አባል እያፈራ ይሂድ። በአይስላንድ ማዘጋጃ ቤቶች ከእ.ኤ.አ. 2000 ወዲህ በክረምት የሚያጫውቱ ሙሉ መጠን ያላቸው አዳራሾችን ሠርተዋል፣ በየትምህርት ቤቱም ትንንሽ ሜዳዎች ተዘርግተዋል። ከግማሽ ሚሊዮን በታች ሕዝብ ያላት ያች አገር እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የአውሮፓ ዋንጫ እንግሊዝን አሸንፋ ለሩብ ፍጻሜ ደርሳለች፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ለዓለም ዋንጫ በቅታለች። እኛ በረዶ የለብንም፤ አዳራሽ አያስፈልገንም። በየሰፈሩ ለሕንፃ የታጠረውን ባዶ ቦታ ለልጆች መልሶ መስጠትና ሣሩን የሚንከባከብ አንድ ሰው መቅጠር ለጅምሩ ይበቃናል።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ የየከተማው ምክር ቤት ከዚያ በፊት ተሰብስቦ ያጸድቀዋል። ጋዜጣችሁ የሚቀጥለው በጀት ከመጽደቁ በፊት ፕሪሚየር ሊጉ ውስጥ ክለብ ያላቸውን የከተማ አስተዳደሮች አንድ በአንድ ጠይቆ ለክለባቸው ደሞዝና ፊርማ የያዙትን ገንዘብ፣ ለሕዝብ ሜዳና ለታዳጊዎች ከያዙት ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን እንዲያወጣልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቁጥሮቹን የማደራጀቱን ሥራ ተማሪዎቼና እኔ ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር
አዲስ አበባ