ሂያም የሚል መቃብር የለም

ለውዷ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆች፣ ቤተሰብ፣ ጤና እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አሥር ዓመት ሞላን አይደል? ዛሬ ነገ ስል ስልክሽ ተቀየረ። ከዚያ የኔም ተቀየረ። ይቅር በይኝ። ባለፈው ሳምንት ያክስትሽ ልጅ ሱቄ ድረስ መጥታ ወደ አንቺ እንደምትሄድ ነገረችኝ። እሷ እንደወጣች ወረቀት ገዝቼ ተቀመጥኩ።

የምጽፍልሽ አንድ የቆየ ጥያቄሽን ልመልስልሽ ብዬ ነው።

ሻርጃ ሆነን፣ ትልቋ ማማ ሳሎን ውስጥ የጠየቅሽኝን። ስለ ቱርኩ ሱልጣን ሱለይማንና ስለ ሐሪሙ፣ ማለት ስለ ሴቶቹ ግቢ የሚያወራው የቱርክ ድራማ "ሐሪም አል ሱልጣን" በአረብኛ በሚታይበት ሰዓት እቃ አጥበን፣ ሻይ አቅርበን፣ በሩ ላይ ቆመን እናይ ነበር። አንድ ቀን ማማ "ቁጭ በሉ እንጂ" ብላ ምንጣፉ ጫፍ ላይ አስቀመጠችን። ከዚያ ወዲህ ያ ሰዓት የኛ ሆነ። አረብኛ የለመድኩት ከማዳም ትእዛዝ አይደለም፤ ከዚያ ሙሰልሰል ነው። የሱልጣኑ ሚስት ሂያም ስታለቅስ አብረን አለቀስን። ልዑል ሙስጠፋ በአባቱ ድንኳን ውስጥ የታነቀ ማታ ደግሞ አንቺ እራት አልበላሽም።

ታዲያ አንድ ማታ የሐሪሙ ጃንደረባ ሱምቡል አጋ እየተንጎራደደ ሲገባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አልሽ። "የሱልጣኑን ሐሪም የሚጠብቁት ጃንደረቦች ሐበሾች ነበሩ ብለው አባባ ነግረውኛል። የታሉ?" አልሽኝ። እኔ "እሽሽ፣ አሰሚኝ!" ብዬ በክርኔ ጎሸም አደረግሁሽ። ዝም አልሽ። ሁለተኛ አልጠየቅሽኝም። ያ ዝምታሽ እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

አሁን ልብስ ነጋዴ ሆኛለሁ። መርካቶ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ኢስታንቡል ሄጄ እቃ አመጣለሁ። የማርፈው እንደ ብዙዎቹ ያገራችን ነጋዴዎች ላሌሊ ነው። ካርቶን ከመቁጠርና ከመጫን ሌላ ከተማውን አላውቀውም ነበር። ባለፈው ጉዞዬ ግን ጭነቱ ዘገየና ሁለት ቀን ተረፈኝ። የሆቴሉን ልጅ የሱልጣን ሱለይማን መቃብር የት እንደሆነ ጠየቅሁት። "ሱለይማኒዬ ነዋ፣ በእግርሽ ትደርሻለሽ" አለኝ። ስንት ዓመት እዚያ ሰፈር ስመላለስ ኖሬ በእግር የሚደረስ መሆኑን አላውቅም ነበር!

መስጊዱ ጓሮ ውስጥ ሁለት መቃብር ቤቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። ትልቁ የሱልጣኑ ነው። ትንሹ ላይ የሂያምን ስም ፈለግሁ። የለም። ሁረም ነው የሚለው። ለካ ሂያም ያላት አረብኛውን የሠራው ነው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። እንዴት ያሳዘነኝ መሰለሽ። መጀመሪያ በባርነት ከዛሬዋ ዩክሬን ምድር ሲወስዷት የወላጆቿ ያወጡላት ስም ጠፋ። ቤተ መንግሥት ውስጥ ሁረም ተባለች። ከ490 ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ በቴሌቪዥን ሂያም ሆነች። እኛስ እዚያ ቤት ገብተን በማግስቱ ሌላ ስም ወጥቶልን አልነበር?

ለዚህ ይመስለኛል እንደዚያ የወደድናት። ጌጧን አይደለም፣ ዙፋኑንም አይደለም። የሰው ቤት የገባች፣ ቋንቋ የማታውቅ ልጅ ነበረች። ሱልጣኑ ዘመቻ ላይ ሳለ የጻፈችለት ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ አሉ። መጀመሪያ ላይ ቱርክኛዋ ገና ስለነበር ሰው ሳይጽፍላት አይቀርም ይባላል። ማማ ለወንድሜ የምልከውን መልእክት ስልኳ ላይ ስትጽፍልኝ ትዝ አለኝ።

ከመቃብሩ ትንሽ ወጣ ብሎ የኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ አለ። እዚያ ቦታ ላይ ነበር አሮጌው ቤተ መንግሥት። ሐሪሙም መጀመሪያ እዚያ ነው የነበረው እንጂ ድራማው እንደሚያሳየን ቶፕካፒ በሚባለው ቤተ መንግሥት ውስጥ አልነበረም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) ሱለይማን በ1520 ሲነግሥ ሴቶቹ በአንድ ሰፈር፣ ዙፋኑ በሌላ ሰፈር ነበሩ። ሁረም ናት በኋላ ወደ ቶፕካፒ ገብታ ከሱልጣኑ ጋር በአንድ ግቢ የኖረችው። እኔ ይኼን ሳውቅ ድራማውን አልጠላሁትም። ያች ያየናት ኮሪደር፣ ሱልጣኑ ድንገት የሚያልፍባት፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አልነበረችም ማለት ነው። እሱን ለማግኘት ከተማ ማቋረጥ ነበረባት። እንዲያውም ይኼኛው ልብ አይበላም?

ልብሱ ግን አናደደኝ። እኔ ጨርቅ አውቃለሁ። ቶፕካፒ ሙዚየም የሱልጣኖቹን ካፍታኖች፣ ማለት ካባዎቻቸውን አይቻለሁ። ሰፊ፣ ረጅም፣ ሐሩ አሁንም የሚያበራ። የዚያ ዘመን ሴቶችም ሱሪ፣ ረጅም ሸሚዝ፣ በላዩ ላይ ካባ እየደረቡ ነው የሚለብሱት። ያ ወገብ ይዞ ደረት የሚከፍት ቀሚስ የዚያ ዘመን አይደለም። እኛ ግን እሱን አይተን ነበር ልባችን የጠፋው።

ቱርኮቹም ተጣልተውበታል። ድራማው በ2011 ሲጀምር ከ70,000 በላይ ቅሬታ ለብሮድካስት ተቆጣጣሪያቸው ደርሷል። ኤርዶጋን ራሳቸው በ2012 በአደባባይ ተቆጡ፤ ሱለይማን ሠላሳ ዓመት በፈረስ ላይ ነው የኖረው፣ በሐሪም አይደለም ሲሉ። በሌላ በኩል ደግሞ የሙስጠፋ ሞት በታየ ሰሞን ሰው ወደ ቡርሳ እየሄደ መቃብሩ ላይ ዱዓ አደረገ። ሙስጠፋ የሞተው በ1553 ነው! የሚተች ሰው በዚህ ይስቅ ይሆናል። እኔ አልስቅም። አራት መቶ ስልሳ ዓመት የቆየ ግፍ አንድን ሰው ከቤቱ አስነስቶ መቃብር ድረስ ከወሰደው ያ ድራማ ትልቅ ነገር ሠርቷል።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። የሰማሁት ክርክር ሁሉ ስለ ሱልጣኑ ክብር ነው። አንቺ ግን ስለ ጃንደረቦቹ ነበር የጠየቅሽው።

ቶፕካፒ ሐሪም ስትገቢ ገና ከበሩ የጥቁር ጃንደረቦች ግቢ አለ። ጠባብ ነው። ማደሪያቸው ፎቅ በፎቅ ሆኖ ትንንሽ ክፍሎች ተደርድረውበታል። ሰዉ ሁሉ ወደ ሱልጣኑ እናት ክፍል እየተቻኮለ ያልፈዋል። እኔ እዚያ ብዙ ቆየሁ። ልጆች ሆነው ከኛ ምድርና ከሱዳን በኩል ተወስደው፣ ተሰልበው፣ በግብፅ አድርገው ነው እዚያ የሚደርሱት። እውነቱን ለመናገር በሱለይማን ጊዜ ገና ኃይል አልነበራቸውም፤ በቤተ መንግሥቱ የበላዮቹ ነጮቹ ጃንደረቦች ነበሩ። ግን ነበሩ። በሁረም የልጅ ልጅ በሙራድ ሣልሳዊ ዘመን ደግሞ ከነሱ አንዱ የሐሪሙ አለቃ ሆነ። ስሙ ሐበሺ መሕመድ አጋ ነው። ሐበሻው መሕመድ ማለት ነው!

በማግስቱ ፋቲህ፣ ቻርሻምባ የሚባል ሰፈር ሄድኩ። እዚያ በ1585 ያሠራው መስጊድ አለ። በር ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ቱርክኛ አልችልም። "ሐበሺ?" አልኳቸው። ወደ ጓሮው፣ ወደ መቃብሩ ጠቆሙኝ። ከዚያ ፊቴን ትኩር ብለው አዩና "ሐበሺ?" አሉኝ፣ ጣታቸውን ወደኔ አድርገው። አዎ አልኳቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉልኝ። ያን ጊዜ አንቺ አጠገቤ ብትኖሪ ምን ነበረበት!

እናቱ ማን እንደነበረች፣ የትኛው ወንዝ አጠገብ እንደተወለደ የሚነግረኝ ጽሑፍ አላገኘሁም። ድራማው ሁረምን ከመርከብ ሲያወርዳት አሳይቶን ነበር፤ ስታለቅስ፣ ስትጮህ፣ ያገሯን ሰው ስትጠራ። ለነዚያ ልጆች ግን አንዲት እንዲህ ያለች ትዕይንት አልነበረችም። ስም ያለው፣ ታሪክ ያለው፣ እኛን የሚመስል አጋ አንድም አላስታውስም። ሱምቡልን የሠራው ተዋናይ ግሩም ነው፣ አሁንም እወደዋለሁ። ግን ቦታው የማን እንደነበር ካወቅሁ በኋላ እንደ ድሮው መሳቅ አቃተኝ።

ሌላም አለ። ስንቱን ምሽት ሱለይማን ሲዘምት አይተናል፤ ሞሃች፣ ቪየና። የሱ ጠመንጃ እኛ አገር መድረሱን ግን እዚያ ምንጣፍ ላይ ሆነን አላሰብንም። እኔ ትምህርት ቤት ግራኝ ብዬ የተማርኩት፣ እናንተ ቤት ኢማም አህመድ ነበሩ። በ1542 ከየመን የመጡላቸው ጠመንጃ ያዦች የዚሁ የሱለይማን ወታደሮች ናቸው። አጼ ገላውዴዎስም ዙፋን ላይ የነበሩት በሱ ዘመን ነው። በ1557 ምጽዋን የያዘው የሱ ጦር ነው። ሁረም በ1558 ስትሞት የባሕር በራችን በባሏ እጅ ነበር። ይኼን ሁሉ ሳውቅ ያ ሩቅ የመሰለኝ ቤተ መንግሥት ደጃፋችን ድረስ መጣ።

አሁን ድራማውን ከመጀመሪያው እንደገና እያየሁት ነው። ስንት ክፍል መሰለሽ፣ በቱርክኛው 139። እዚህ ቃና ከመጣ ወዲህ ሰው የቱርክ ድራማ በአማርኛ ለምዷል፤ እኔ ግን ይኼን በአረብኛው ካልሆነ አላየውም። የሁረም ድምፅ ያ የሶሪያዋ ሴት ድምፅ ካልሆነ ለኔ ሁረም አይደለችም። ትናንት ማታ ሱምቡል ሲገባ አቆምኩትና ያልሽኝን ቃል በቃል አስታወስኩ።

አባባ ደህና ናቸው? የመስጊዱንና የመቃብሩን ፎቶ አሳጥቤ ፖስታው ውስጥ ከትቻለሁ። አንዱ ላንቺ ነው፣ አንዱ ለሳቸው። ሲያዩት ምን እንዳሉ ጻፊልኝ። ስልኬ ከፎቶው ጀርባ ላይ አለ፤ ማታ ማታ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ደውይ።

ያቺው የምንጣፍ ጓደኛሽ