ለደቅና ለዘጌ እናቶች የጀልባ ጉዞ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ ነዋሪዎች፣ በሩቅም በቅርብም ያላችሁ የአካባቢው ተወላጆች፤

በደቅ ደሴትና በዘጌ ለሚኖሩ ሴቶች የቤተሰብ ዕቅድና የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት በወር ሁለት ጊዜ በጀልባ ለማድረስ ገንዘብ እያሰባሰብን ነው። መድኃኒት እንድትገዙልን አንጠይቅም፤ መርፌውም፣ እንክብሉም፣ በክንድ የሚቀበረውም፣ በማኅፀን የሚቀመጠው ሉፑም በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል። የቸገረን ባለሙያዋን ውኃውን የሚያሻግር ቤንዚንና በር ያለው ክፍል ነው።

ባለፈው ዓመት ከደሴቱ የመጣች አንዲት ወጣት እናት የቀጠሮ ካርዷን በፌስታል ጠቅልላ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደቡ ላይ አገኘናት። የክብሪት እንጨት የምታህለውን ዘንግ ከክንዷ ቆዳ ሥር በጣቷ እየዳሰሰች፣ «ሦስት ዓመቷ ሞላ፤ አሁን ልጅ እፈልጋለሁ፤ የሚያወጣልኝ አጣሁ» አለችን። ኢምፕላኖን የተባለው ይህ በክንድ የሚቀበር መከላከያ የሚሠራው ለሦስት ዓመት ነው። በየቀበሌው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እንዲያስገቡት ሠልጥነዋል፤ ለማስወጣት ግን ብዙውን ጊዜ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ይላል። ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ሲነሳ የትንሽ ጀልባ ባለቤት ሐይቁን አይደፍረውም፤ ስለዚህ አገልግሎቱን ፈልጋ የመጣች ሴት ከተማ ልታድር ነው፤ ልጆቿንስ ለማን ትታ? መጀመሩን እያበረታታን ማቆሙን ካከበድንባት፣ ጎረቤቶቿ አገልግሎቱን ቢፈሩት አይፈረድባቸውም።

በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 8 ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 36 ደርሰዋል። ይህ በአብዛኛው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት የደከሙበት ውጤት ነው። ሆኖም በዚያው የ2008 ጥናት፣ ከ100 ባለትዳር ሴቶች 22ቱ መውለድን ማራራቅ ወይም ማቆም እየፈለጉ መከላከያ አልተጠቀሙም።

የምታዋጡት ገንዘብ ለጀልባ ኪራይ፣ ለቤንዚን፣ ለላይፍ ጃኬት፣ ለምርመራ አልጋና ለፀሐይ መብራት ይውላል። ከሁሉ የምናስቀድመው ግን ክፍሉን የሚለየውን ግድግዳና በሩን ነው፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁ ጎረቤቶች ሁሉን በሚሰሙበት ክፍል፣ በተለይ ያላገባች ልጅ ጥያቄዋን ዋጥ አድርጋ ትመለሳለች። (ባለሙያዎቻችን ሴቶች ስለሆኑ ጀልባችን እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ ያሉ ሴት የማይገባባቸውን ገዳማት እንደማይጠጋ፣ ለጠየቁን አባቶች አስቀድመን አስታውቀናል።)

ገንዘብ የምትሰጡ ከኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ አደራ እንላለን። ጀልባ ያላችሁ አንድ የሥራ ቀን፣ ነርሶችና አዋላጆች ደግሞ የዕረፍት ቅዳሜያችሁን ብታበረክቱልን ከገንዘብ አይተናነስም። የመጀመሪያው ጉዞ ከመስቀል በዓል በኋላ በሚውለው ቅዳሜ፣ ነፋሱ ሳይነሳ ለመመለስ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይነሳል።