ዓይኔን ጨፍኜ ነው እንጂ አልተኛሁም

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው እሁድ በስልክ ስምንት ጥያቄ ስደረድርብህ «ምን ነካህ?» ብለኸኝ ነበር። ስታነብ ያንጎላጅሃል? ቴሌቪዥን ስታይስ? ከምሳ በኋላ ጸጥ ብለህ ስትቀመጥስ? ከሰው ጋር እያወራህስ? ቀን ቀን ሰውን ምን ያህል እንቅልፍ እንደሚጥለው የሚለካ መጠይቅ ነው፤ ኤፕዎርዝ ይባላል። መሪ ጆንስ የሚባል ሐኪም አውስትራሊያ ውስጥ በፈረንጆቹ 1991 ያወጣው ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ ከ24 ነው። ከ10 ካለፈ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። አንተ 5 አመጣህ። በኋላ እማዬ ስልኩን ማድ ቤት ይዛ ገባችና ስላንተ መለሰችልኝ። 16 ሆነ።

እኔ የእሷን ነው ያመንኩት። ዋሸኸኝ ማለቴ አይደለም አባዬ። እኔም እንዳንተው ነበርኩ።

ስሊፕ አፕኒያ፣ ማለትም እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚያቋርጥ በሽታ፣ አለብህ ከተባልኩ በኋላ፣ ሥራዬ መንዳት ስለሆነ ሐኪሙ ሌላ ምርመራ አዘዘልኝ። ራሴ ላይ ሽቦ ለጣጠፉብኝ። ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ ደገፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ስልክ የለ፣ ሬዲዮ የለ። የታዘዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዳልተኛ። 40 ደቂቃ ነው፣ በየሁለት ሰዓቱ በቀን 4 ጊዜ ይደገማል። ትንሽ እንደቆየሁ ባለሙያዋ በሩን ከፍታ ገባች። «ምነው ቶሎ መጣሽ?» አልኳት። «ተኝተሃል እኮ» አለችኝ። «ኧረ ዓይኔን ጨፍኜ ነው እንጂ አልተኛሁም» አልኳት። ሶፋው ላይ ሁሌ የምትላትን ያንተን ቃል። መሣሪያው ግን ገና 6ኛው ደቂቃ ላይ መተኛቴን መዝግቦ ነበር።

ደነገጥኩ። በዚያው ሳምንት ልጆቹን ጭኜ ረጅም መንገድ ነድቼ ነበር።

ሌሊት ጉሮሮ ይዘጋል፣ ትንፋሽ ይቆማል፣ አንጎል ብንን ይላል፣ ተመልሶ ይተኛል። በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲሆን ከባድ ይሉታል። ጠዋት ግን አንዱም ትዝ አይልም። ዓመታት ሲያልፉ ሰው ድካሙን ይለምደዋል። «ደህና ነኝ» የሚለው ከልቡ ነው።

አሁን ማታ ማታ በአፍንጫ ጭምብል አየር የሚገፋ መሣሪያ አድርጌ እተኛለሁ። ጉሮሮዬ እንዳይዘጋ አየሩ ይይዘዋል። መጀመሪያ ያስጨንቃል፣ አልደብቅህም። ከ3 ወር በኋላ ምርመራው ሲደገም ግን አራቱንም ዙር ሳልተኛ ጨረስኩ።

16 ማምጣትህ ብቻውን በሽታው አለብህ ማለት አይደለም። ግን እማዬ ሌሊት ትንፋሽህ ቆም ሲል በክርኗ እንደምትነካህ ነግራኛለች። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ዕድሜህን ሙሉ አሰብ መንገድ ላይ ከባድ መኪና የነዳህ ሰው ነህ። አትንዳ ማለት ለእኔም ይከብደኛል። እስክትመረመር ብቻ ደብረ ብርሃን ለብቻህ አትሂድ፣ ታናሼ ይንዳልህ። ሐኪም ቤት ስትሄድም እማዬ አብራህ ትግባ። ስለ ቀን እንቅልፍህ ሲጠይቁህ እሷ ትመልስ።

ልጅህ