ካርዱ ከመድረሱ በፊት

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፤ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።

አባዬ፣ ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ለእረፍት ወደ አገር ቤት የሚገባ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነው። በስልክ ከማወራህ ግማሹ እንደማይሰማህ ወንድሜ ነግሮኛል። ነገሩም በስልክ የሚሆን አይደለም። መነጽርህን አድርገህ፣ ቡናህ ቀርቦልህ፣ ረጋ ብለህ እንድታነበው ፈልጌ ነው።

በፖስታ ሳጥንህ አንድ ካርድ እየመጣልህ ነው። ላዩ ላይ ግራንድ ካንየን ከሚባለው የአሜሪካ ትልቅ ገደል ወለል በበቅሎ የተላከ መሆኑን የሚናገር ማኅተም አለ። እሱ ቀድሞ ደርሶ ከምትደነግጥ እኔው ልንገርህ።

በሰኔ ስልኬ 14 ቀን ዝግ ሆኖብህ ነበር። ኋላ ስደውል "ተበላሽቶብኝ ነው፣ ሥራም በዝቶብኝ" አልኩህ። ዋሸሁህ። ስልኬ ደህና ነበር። እኔ ኔትወርክ የሚባል ነገር በሌለበት ገደል ውስጥ፣ በጎማ ጀልባ ወንዝ እየወረድኩ ነበር። እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍካቸው ወንድሜ ነገረኝ። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ማታ ማታ ደግሞ "ዛሬስ ደወለች?" ስትል ነበር አሉ። ይቅር በለኝ አባዬ። ስላስጨነቅኩህ ከልቤ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። በመሄዴ ግን አልጸጸትም። ለምን እንደሆነ ሳልነግርህ ደግሞ ካርዱ እንዲደርስህ አልፈለግኩም።

ያልነገርኩህ ለምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። በእኛ ቤት ወንዝ ሲነሳ አጎቴ ይነሳል። ያን ክረምት ደራሽ ውሃ ከወሰደው ወዲህ እኛን ልጆችህን ጅረት እንኳ አላስቀረብከንም። "ውሃ ዘመድ የለውም" እያልክ ነው ያሳደግከን። "ወንዝ ልገባ ነው" ብዬ በስልክ ብነግርህ ምን ትሆን ነበር? አልጨከንኩም።

እዚህ አገር ከመጣሁ 9 ዓመቴ ነው። ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ የሰው አባትና እናት አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ አጎርሳለሁ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ እረፍት የሚባል ወስጄ አላውቅም። ባለፈው ዓመት አንዲት የማስታምማቸው አሮጊት አልጋቸው አጠገብ የተሰቀለ ፎቶ አሳዩኝ። በወጣትነታቸው ጀልባ ላይ፣ በሁለት ቀይ ገደል መሃል። "ከዚህ ሁሉ ዘመኔ አሁንም በሕልሜ የማየው ያንን ነው" አሉኝ። ፎቶውን ሳየው ትዝ ያለኝ አባይ በረሃ ነው። ካንተ ጋር የጭነት መኪናህ ጋቢና ተቀምጬ ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል የማየው ያ ገደል። ዋጋው ውድ ነበር። ለእናንተ የምልከውን ሳልነካ ለብቻው አጠራቀምኩ። እዚህ ኦሮራ ገንዳ ገብቼ ዋናም ተማርኩ።

ወንዙ ኮሎራዶ ይባላል። የምኖርበት ስቴት ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። በስፓኒሽ ቀላ ያለ ማለት ነው፣ ከደለሉ የተነሳ። ግራንድ ካንየን ግን አሪዞና ውስጥ ነው። ገደሉ 446 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ጥልቀቱ ከ1,600 ሜትር በላይ የሚሆንበት ቦታ አለ። አንተ ያን ሁሉ ዘመን የተመላለስክበት የአባይ ገደልም ቢሆን ከእሱ ብዙ አያንስም፤ እዚያ ሆኜ ለጓደኞቼ ስነግራቸው ነበር። እኛ የወረድነው ሊስ ፌሪ ከሚባል ቦታ ተነስተን ዳይመንድ ክሪክ እስክንደርስ ነው፤ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከጫፍ ጫፍ አንድም ድልድይ መኪና አያሻግርም፤ ሊስ ፌሪን ትንሽ እንዳለፍክ ካለው በቀር። ሱቅ የለም፣ መንደር የለም። ሰማዩ እንደ መቀነት ቀጥኖ ነው ከላይ የሚታይህ።

እኔ ለብቻዬ የገባሁ እንዳይመስልህ። አስጎብኚዎች አሉ፤ ፈቃድ ያላቸው፣ ወንዙን ለዓመታት የወረዱ። ጀልባው በአየር የተነፋ ወፍራም ጎማ ነው፤ መሃሉ ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ በሁለት ረጃጅም መቅዘፊያ ይመራዋል። የእኛን ጀልባ የምትመራው ሴት ናት፤ ዕድሜዋ ከእማዬ ብዙም አያንስም፤ ፊቷ እንዳንተ ግራ ክንድ ፀሐይ የበላው። ገና ጀልባ ሳንወጣ የሕይወት ማዳኛ ጃኬታችንን አንድ በአንድ እየጎተተች አጠበቀችው። ከዚያ አሸዋው ላይ አስተኝታ አስተማረችን። ውሃው ቢወስድህ በጀርባህ ትሆናለህ፣ እግርህን ወደ ፊት ትዘረጋለህ፣ ቋጥኝ ሲመጣ በእግርህ ትገፋዋለህ። ለመቆም አትሞክርም፤ እግርህ ድንጋይ መሃል ከተያዘ ውሃው ይደፋሃል። ስትናገር አጎቴን አስቤ ዓይኔ እንባ ሞላ። ይህን የነገረው ሰው አልነበረም።

ወንዙ የሚናወጥበትን ቦታ ራፒድ ይሉታል። ለምን እዚያ ቦታ ብቻ እንደሚናወጥ ስጠይቃት የሰጠችኝ መልስ ለአንተ የሚገባ ነው፤ ሥራው የደራሽ ነው። በጎንና በጎን ካሉት ደረቅ ሸለቆዎች ድንገት ጎርፍ ሲወርድ ቤት የሚያህል ድንጋይ ሳይቀር አምጥቶ ወንዙ ውስጥ ይጥላል። ወንዙ ይጠብበታል፣ ከላይ ይተኛል፣ ከዚያ በዚያች ጠባብ አፍ ይወረወራል። ክሪስታል የሚሉት አለ። እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ድረስ ያን ያህል የሚፈራ አልነበረም አሉ። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ላይ አንድ ጎርፍ ወርዶ አስፈሪ አደረገው።

ሌላው ያልጠበቅኩት ቅዝቃዜው ነው። አየሩ እንደ አፋር ያቃጥላል፤ ውሃው ግን እጅ ያደነዝዛል። ከላይ ግሌን ካንየን የሚባል ግድብ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ውሃ ይዟል። ውሃው የሚለቀቀው ከሐይቁ ጥልቅ ክፍል ስለሆነ ፀሐይ አላየውም። ደለሉም ከግድቡ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ቀላ ያለ ተብሎ የተሰየመው ወንዝ መጀመሪያ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚያገኝህ፤ ዝናብ ሲጥልና ገባር ወንዞች ደለል ሲያመጡ ነው ወደ ድሮ መልኩ የሚመለስ። ከተሞቹ መብራት በብዛት ሲፈልጉ ግድቡ ብዙ ውሃ ይለቃል፤ ሲቀንሱ ይቀንሳል። አንድ ጠዋት ስንነሳ ውሃው ሸሽቶ ጀልባዎቻችን አሸዋ ላይ ቀርተው ነበር። ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ የገዛህ ቀን ደረሰኙን ለሁላችንም እንዳሳየኸን አስታወስኩ። ከግድብ በታች ያለ ወንዝ ምን እንደሚሆን እንድትሰማ ነው ይህን ያረዘምኩት።

የሰኔ ጾም ነበር፤ አላፈረስኩም። አስቀድሜ ስለነገርኳቸው 14ቱንም ቀን የጾም ምግብ ሠሩልኝ። ዳቦ ቆሎ ይዤ ሄጄ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን አለቀብኝ፣ ሁሉም ወደደው። ቆሻሻ ደግሞ ምንም አይጣልም። መጸዳጃው ሳይቀር በብረት ሣጥን ታሽጎ አብሮን ይወርዳል። ማታ አሸዋ ላይ፣ ድንኳን እንኳ ሳንተክል ተኛን። ኮከቡን አልነግርህም፤ አንተ በረሃ መኪና ተበላሽቶብህ ባደርክባቸው ሌሊቶች ያየኸው ነው።

በስድስተኛው ቀን ፋንተም ራንች ደረስን። ከገደሉ ወለል ያለች ትንሽ ማረፊያ ናት። መኪና አይደርስባትም፤ ዕቃም ፖስታም የሚመላለሰው በበቅሎ ነው። ካርዱን የጻፍኩልህ እዚያ ነው። የፖስታ ቆዳ ቦርሳው ውስጥ ስከተው እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ወዲያ መደበቅ እንደሌለ አውቄዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ላቫ ፎልስ ወደሚሉት ራፒድ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ሳታየው ነው የምትሰማው፤ እንደ ከባድ መኪና ሞተር ከሩቅ ይጮኻል። ጀልባዎቹን ከበላዩ አሰርንና ጥቁር ድንጋይ ላይ ወጥተን ቁልቁል አየነው። መሃሉ ላይ ወንዙ ከድንጋይ ጫፍ ወድቆ ጉድጓድ ሠርቷል። ጀልባ እዚያ ከገባ ይገለበጣል። እኔ ከዚያ ጉድጓድ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። አስጎብኚያችን ግን ሌላ ነገር ነበር የምትፈልገው። ብዙ ዝም አለችና በጣቷ አሳየችኝ፤ ከጉድጓዱ በስተቀኝ፣ ለስላሳው ውሃ ላይ፣ ክር የምታህል የአረፋ መስመር። "መንገዳችን እሷ ናት" አለችኝ። "ጀልባው ላይ ስንሆን ከፊታችን ምንም አይታይም፤ ውሃው ወደ ታች ስለሚሰበር ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው። ስለዚህ አሁን በደንብ አይተሽ ያዢያት።"

አባዬ፣ ያን ጊዜ አንተን አየሁህ። ዝናብ ባደረ ማግስት፣ ጋቢና ውስጥ በጋቢህ ተጠቅልዬ። መጠምዘዣው ጋ ስትደርስ ኤንትሬዋን ታቆማታለህ። ረዳትህ ዘሎ ታኮ ይጥላል። አንተ ትወርድና መንገዱን በእግርህ ትሄደዋለህ፤ የተንሸራተተውን አፈር ትረግጣለህ፣ ጠርዙ ጋ ቆመህ ዝም ትላለህ። ከኋላህ ያሉት ክላክስ ያንጫጩብሃል፤ አንተ ዞር ብለህም አታይ። ተመልሰህ ስትገባ ማርሹን እዚያው ከላይ ትቀንሰዋለህ። "ቁልቁለት ውስጥ ገብተሽ ማርሽ አትፈልጊም፤ ፍሬን አይደለም የሚያድንሽ" ትለኝ ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ምን ማርሽ ነበረኝና?

ሴትየዋም እንዳንተ አደረገች። ሌሎቹ እስኪዘጋጁ አልተጣደፈችም። በቀስታ፣ ጀልባውን ገና ከሩቅ አቅጣጫ አስይዛ፣ አረፋዋን ተከትላ ገባች።

ከዚያ ወዲያ ያለው 20 ሰከንድ ቢሆን ነው። መጀመሪያ ሁለት ማዕበል ከግራና ከቀኝ ተጋጭቶ ላያችን ላይ ተዘጋ። ቅዝቃዜው ትንፋሼን ወሰደው። ገመዱን በሁለት እጄ ጨብጬ "እመቤቴ" እላለሁ። ብቅ ስንል ከጎኔ የነበረው ሽማግሌ ቦታው ላይ የለም። ራሱ ከጀልባው ጎን ውሃ ውስጥ ታየኝ። አልፈራሁም፤ ጊዜ አልነበረኝም። ጃኬቱን ከሁለት ትከሻው ላይ ያዝኩ፣ እንዳስተማሩን ትንሽ ወደ ታች ገፋሁት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተወረወርኩ። ላዬ ላይ ወደቀ። በየቀኑ ከአልጋ ወደ ወንበር የማነሳው ሰው ሁሉ ለዚያች ቅጽበት ያዘጋጀኝ መሰለኝ። ከታች ውሃው ሲረጋ ሽማግሌው እጄን ይዞ አለቀቀኝም። እኔም አልቅሼ አልወጣልኝም። አጎቴን ነው ያለቀስኩት። ሳላውቀው የሞተ ሰው ነው፤ ግን ያንን ዕለት አጠገቡ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዬ።

ማታ እሳት ዙሪያ ስለ ሜጀር ፓወል ተወራ። በ1869 እ.ኤ.አ. ይህን ገደል መጀመሪያ በጀልባ የወረደው እሱ ነው ይባላል፤ አንድ እጁ በጦርነት የተቆረጠ ሰው። ወደ መጨረሻው ስንቃቸው አልቆ፣ ፊት ለፊታቸው አስፈሪ ራፒድ ሲደርሱ ሦስቱ "አንገባም" ብለው በእግር ገደሉን ወጡ። በዚያው ቀሩ። የገቡት ስድስቱ በሁለት ቀን ውስጥ ከገደሉ ወጡ። ሦስቱን ፈሪ የሚላቸው አለ። እኔ አልላቸውም። ያዩትን አይተው ወሰኑ።

ከኢትዮጵያ ነኝ ስል አስጎብኚዎቹ "ኦሞ!" አሉ በአንድ ድምፅ። በዚያው በኮሎራዶ ወንዝ ላይ ይቀዝፍ የነበረ ሪቻርድ ባንግስ የሚባል ሰው በ1973 እ.ኤ.አ. ጓደኞቹን ይዞ ኦሞን ወርዷል። ሶቤክ የሚባለው የጉዞ ድርጅታቸው በዚያው ዓመት ተጀመረ፤ ስሙ የጥንት ግብፆች የአዞ አምላክ ነው። አባይንም ያውቁታል። ጎረምሳ ሳለህ ስለ ሰማኸው፣ የእንግሊዝ ወታደሮች በ1968 እ.ኤ.አ. በጃንሆይ ግብዣ በጎማ ጀልባ ስለ ወረዱት ነገርኳቸው። መሪያቸው ጆን ብላሽፎርድ ስኔል ነው። አንድ ሰው ውሃ ወስዶባቸዋል። በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮ የሚባል የኮሎራዶ ሰው ከአንድ ጓደኛው ጋር ከኢትዮጵያ ተነስቶ ሜዲትራኒያን ባሕር ድረስ ወርዷል። ያኔ አንተ ገና መንገድ ላይ ነበርክ። ምናልባት እነሱ ከድልድዩ ስር ሲያልፉ አንተ ከላይ ጤፍ ጭነህ ነበር።

ይህን ስናገር አንዷ "አባትሽ አባይን በቅርበት ያውቀዋል ማለት ነው" አለችኝ። አዎ ልላት ብዬ ቆምኩ። በዚያ ሁሉ ዓመት ድልድዩ ላይ ጥበቃ ስላለ መቆም አይቻልም ነበር። ወንዙ ዳር ወርደህ እጅህን ነክረህ ታውቃለህ? ጠይቄህ አላውቅም።

ለጥምቀት እመጣለሁ፤ ቲኬቱን ቆርጫለሁ። የውሃው ሙላት የሚቀንስበት ወቅት ነው። ጉልበትህ ከፈቀደልህ ወንድሜ መኪና ይዞ ሦስታችን ወደ ደጀን እንሂድ። ጀልባም ዋናም አልልህም። የሚያስጠጋ ቦታ ሰው ጠይቀን፣ ዳሩ ላይ ድንጋይ ፈልገን እንቀመጥ። አጎቴን ሻማ አብርተን እናስበው። ካልፈለግክ ደግሞ ከላይ ጎሃ ጽዮን ሆነን ሻይ እየጠጣን እናየዋለን። አንተ በል ያልከው ይሆናል።

መልስህን ለወንድሜ ንገረው፤ ይጽፍልኛል። መድኃኒትህን ሳታቋርጥ ውሰድ። እማዬን ሳምልኝ።

ካርዱ ሲደርስህ በስተግራ በኩል ጽሑፉ ትንሽ ደብዝዞ ታገኘዋለህ። እጄ እርጥብ ስለነበር ነው፤ የወንዙ ውሃ ነው።

ልጅህ
ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ